የአንጎል የደም ቧንቧ ሲደፈን፦ ማጥመድ ይሻላል ወይስ መምጠጥ?

በየቤታችን ስለ ደም ግፊት ሲወራ ዘወትር አብሮ የሚነሣ አንድ ሕመም አለ፤ እሱም ስትሮክ ነው። ማታ ደኅና ሆና የተኛች እናት ጧት አንድ እጇን ማንሣት ሲያቅታት፣ በሥራ ቦታው ሲጫወት የነበረ ሰው በድንገት አንደበቱ ሲተሳሰር፣ ከጎረቤት ወይም ከዘመድ ያላየ ሰው በመካከላችን ጥቂት ነው።

ብዙዎቻችን ያላየነው ግን ለዚህ ሕመም ባለፉት ሃያ ዓመታት ውስጥ የተገኘውን ሕክምና ነው። ይኸውም ራስ ቅል ሳይከፈት፣ በብሽሽት ወይም በእጅ አንጓ በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብቶ፣ በደም ቧንቧ ውስጥ ለውስጥ እስከ አንጎል ድረስ በመሄድ የረጋውን ደም ጎትቶ ማውጣት ነው። ሐኪሞች ይህን ሥራ የሚሠሩበት ዘዴ አንድ ብቻ አይደለም። አንዳንዶቹ የረጋውን ደም በሽቦ መረብ ያጠምዱታል፤ ሌሎቹ በቱቦ ይመጡታል፤ ሁለቱን በአንድነት የሚጠቀሙም አሉ። ለመሆኑ የትኛው ይሻላል? ጥያቄው የሐኪሞች ብቻ ቢመስልም መልሱ በእያንዳንዳችን ቤት የሚደርስ ስለሆነ በዛሬው ዓምዳችን እናነሣዋለን። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሕመሙ እንዴት ይነሣል?

ስትሮክ በሁለት መንገድ ይመጣል። አንደኛው የአንጎል የደም ቧንቧ ሲፈነዳና ደም ሲፈስ ነው። ሁለተኛውና በቁጥር የሚበልጠው ደግሞ ቧንቧው በረጋ ደም ሲደፈን ነው። ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚህኛው ነው።

አንጎል እንደ ጡንቻ ስንቅ የሚያከማች አካል አይደለም፤ ምግቡንና አየሩን በየሰከንዱ ከሚደርሰው ደም ያገኛል። አንድ አሜሪካዊ የነርቭ ሐኪም በ2006 ባወጡት ስሌት፣ ትልቅ የአንጎል ቧንቧ በተደፈነበት ሰው ላይ በአማካይ በየደቂቃው 1.9 ሚሊዮን ያህል የነርቭ ሴሎች እንደሚሞቱ አሳይተዋል።

ሆኖም መላው የተጎዳው ክፍል በአንድ ጊዜ አይሞትም። የሠፈሩ ዋና የውሃ መስመር ሲዘጋ አንዳንድ ቤቶች በጎን ከተዘረጋ ቀጭን ቧንቧ ጥቂት ጥቂት እየቀዱ ለተወሰነ ጊዜ እንደሚቆዩ ሁሉ፣ በተደፈነው ቧንቧ አካባቢ ያለው የአንጎል ክፍልም ከጎረቤት ቀጫጭን የደም ሥሮች በሚያገኘው ጥቂት ደም ነፍሱን ይዞ ይቆያል። ሕክምናው የሚያድነው ይህንን ክፍል ነው። የሞተውን ማስነሣት አይቻልም፤ በሞትና በሕይወት መካከል ያለውን ግን ማትረፍ ይቻላል።

ከመርፌ ወደ ሽቦ

በመጀመሪያ የመጣው መፍትሔ በደም ሥር የሚሰጥ፣ የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት ነው። በ1995 በአሜሪካ በተደረገ ጥናት ጠቃሚነቱ ስለታወቀ በ1996 እዚያው አገር ተፈቀደ። መጀመሪያ የሚሰጠው ሕመሙ በጀመረ በ3 ሰዓት ውስጥ ብቻ ነበር፤ በ2008 በአውሮፓ የወጣ ጥናት ጊዜውን እስከ 4 ሰዓት ተኩል አድርሶታል።

ይህ መድኃኒት ዛሬም በሥራ ላይ ነው። ይሁን እንጂ ሁለት ችግሮች አሉበት። አንደኛ፣ የተደፈነው ትልቅ ቧንቧ ሲሆንና የረጋው ደም ሲበዛ ብዙ ጊዜ ማሟሟት ያቅተዋል። ሁለተኛ፣ ለሁሉም ሰው አይሰጥም። ለምሳሌ ያህል በቅርቡ ከባድ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው፣ ወይም እንደ ዋርፋሪን ያለ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት እየወሰደ ደሙ በሚገባ የቀጠነ ሰው ይህን መርፌ ቢወጋ ለአደገኛ መድማት ይጋለጣል።

ስለዚህም ሐኪሞች «ካልሟሟ ለምን አናወጣውም?» ብለው ተነሡ። በ2004 በአሜሪካ የተፈቀደው የመጀመሪያው መሣሪያ መርሲ ይባላል። ጫፉ እንደ ጠርሙስ ቡሽ መንቀያ የተጠማዘዘ ሽቦ ነበር። የረጋውን ደም ወግቶ በመያዝ ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ነገር ግን በመጀመሪያው ጥናት በመሣሪያው የተከፈተው ቧንቧ ከታከሙት ሰዎች ከግማሽ በታች በሆኑት ላይ ነው።

በ2013 ሦስት ጥናቶች በአንድነት ታትመው ወጡ። ሦስቱም በቱቦ የታከሙት ሰዎች በመርፌ ወይም በተለመደው ሕክምና ብቻ ከታከሙት የተሻለ ውጤት እንዳላገኙ ገለጹ። ብዙዎች ይህ ሕክምና እዚህ ላይ አበቃለት ብለው ነበር። በኋላ ነገሩ ሲመረመር ግን አብዛኛዎቹ ሕመምተኞች የታከሙት በአሮጌዎቹ መሣሪያዎች እንደነበር፣ ትልቅ ቧንቧቸው መደፈኑ በምስል ሳይረጋገጥ በጥናቱ የገቡ እንደነበሩ፣ ሕክምናው እስኪጀመርም ብዙ ጊዜ ይባክን እንደነበር ታወቀ።

የመጀመሪያው ዘዴ፦ በመረብ ማጥመድ

ስቴንት ሪትሪቨር የሚባለው አዲሱ መሣሪያ ከቀጭን ሽቦ የተሠራ፣ እንደ ወንፊት ቀዳዳ ያለው ጥቅል መረብ ነው። መጀመሪያ የተሠራው አብጦ ሊፈነዳ ለደረሰ የአንጎል ቧንቧ ማከሚያ እንዲያገለግል ነበር። በ2008 በጀርመን አገር በሽቱትጋርት ከተማ የረጋ ደም ለማውጣት ዋለ፤ ውጤቱም አስደሳች ሆነ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሐኪሙ በራጅ ምስል እየተመራ በጣም ቀጭን ቱቦ የረጋውን ደም ሰንጥቆ እንዲያልፍ ያደርጋል። ከዚያም በቱቦው ውስጥ ተጨምቆ የገባው መረብ ቱቦው ወደ ኋላ ሲሳብለት ይከፈትና የረጋው ደም በቀዳዳዎቹ ውስጥ ይሰገሰጋል። ደሙ በሚገባ እስኪያያዝ ጥቂት ደቂቃ ይጠበቃል፤ በመጨረሻም መረቡ ከነያዘው ይጎተታል። ሲጎተት ቁራጭ ተለይቶ ወደ ሌላ ቧንቧ እንዳይሄድ፣ ብዙ ጊዜ በአንገት ላይ ባለው ትልቅ ቧንቧ ውስጥ ትንሽ ፊኛ ተነፍቶ የደሙ ፍሰት ለጊዜው ይገታል።

በ2012 የወጣ ጥናት ይህን መረብ ከአሮጌው መርሲ ጋር አወዳደረ። የአንጎል መድማት ሳያስከትል ቧንቧውን የከፈተው መረቡ ከመቶ በ61 ሰዎች ላይ ሲሆን፣ መርሲ ግን በ24 ላይ ብቻ ነበር።

ከዚያም በሆላንድ አገር 500 ሕመምተኞች የተሳተፉበት ጥናት ተደረገ። ውጤቱ በ2015 መጀመሪያ ላይ ሲታተም፣ ከ3 ወር በኋላ የሰው እርዳታ ሳይፈልጉ ራሳቸውን ችለው የሚኖሩት ከተለመደው ሕክምና ጋር በቱቦ ከታከሙት መካከል ከመቶ 32.6 ሲሆኑ፣ ያለ ቱቦ ከታከሙት መካከል ግን 19.1 ብቻ መሆናቸው ተገለጸ። በዚያው ዓመት አራት ሌሎች ጥናቶች ተከታትለው አንድ ዓይነት መልስ ሰጡ። በ2016 የአምስቱ ጥናቶች 1,287 ሕመምተኞች በአንድነት ሲሰሉ ራሳቸውን የቻሉት ከመቶ 46 እና ከመቶ 26.5 ሆኑ። እንግዲህ ይህ ማለት ራሷ ለብሳ፣ ራሷ በልታ፣ ልጆቿን ይዛ የምትኖር እናትና በአልጋ ላይ የምትረዳ እናት ልዩነት ነው።

ሁለተኛው ዘዴ፦ በቱቦ መምጠጥ

መምጠጥም የራሱ ታሪክ አለው። በ2008 በአሜሪካ የተፈቀደው መሣሪያ የረጋውን ደም በሽቦ እየሰባበረ ቁርጥራጩን ይመጥ ነበር። በኋላ ሰፊና እንደ ልብ የሚተጣጠፉ ቱቦዎች ሲሠሩ መሰባበሩ ቀረ። ዛሬ ሐኪሙ ሰፊውን ቱቦ የረጋው ደም ፊት ድረስ አድርሶ ያስጠጋዋል፤ ከዚያም በፓምፕ ወይም በትልቅ መርፌ ይስባል። የረጋው ደም አንዳንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ በቱቦው ውስጥ ይገባል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ በቱቦው አፍ ላይ ተጣብቆ ከቱቦው ጋር አብሮ ይወጣል።

የዚህ ዘዴ ጥቅም የረጋውን ደም ሰንጥቆ ማለፍ አለማስፈለጉና እርምጃዎቹ ጥቂት መሆናቸው ነው። ጉዳቱ ደግሞ የደም ቧንቧው በጣም የተጠማዘዘ ሲሆን ሰፊውን ቱቦ እስከ ቦታው ማድረስ አስቸጋሪ መሆኑ ነው። መምጠጡ ብቻውን ሳይሳካ ሲቀርም መረቡ ይጠራል።

በሁለቱም ዘዴ የሚያጋጥሙ አደጋዎች አሉ። የቧንቧው ግድግዳ ሊቆስል፣ ደም በአንጎል ውስጥ ሊፈስ፣ ቁራጭ ወደ ሌላ ቧንቧ ሊሄድ ይችላል። ስለሆነም ሕክምናው ሥራውን በሚገባ የተማሩ ባለሙያዎችንና የተሟላ ሆስፒታል የሚጠይቅ ነው።

ሁለቱ ሲወዳደሩ

ሐኪሞች በየፊናቸው «የእኔ ይሻላል» ማለታቸው አልቀረም። በመጨረሻ ግን ዕጣ በማውጣት ግማሹን ሕመምተኛ በአንዱ፣ ግማሹን በሌላው እያከሙ ለማየት ወሰኑ።

በፈረንሣይ አገር በ8 ሆስፒታሎች በ381 ሕመምተኞች ላይ የተደረገው ጥናት በ2017 ወጣ። ሕክምናው ሲያበቃ ቧንቧቸው በሚገባ የተከፈተላቸው በመምጠጥ ከተጀመረላቸው ከመቶ 85.4፣ በመረብ ከተጀመረላቸው ደግሞ ከመቶ 83.1 ሆኑ። ልዩነቱ የዕድል ያህል ነው፤ አንዱን ከሌላው አያስበልጥም።

በ2019 የወጣውና 270 ሰዎች የተሳተፉበት ሌላ ጥናት ደግሞ የተመለከተው የቧንቧውን መከፈት ብቻ ሳይሆን የሰውዬውን ኑሮ ነው። ከ3 ወር በኋላ ራሳቸውን የቻሉት ከተመጠጠላቸው መካከል ከመቶ 52፣ በመረብ ከወጣላቸው መካከል ከመቶ 50 ነበሩ። አሁንም እኩል ናቸው።

«እንግዲያው ሁለቱን አንድ ላይ ብናደርጋቸውስ?» የሚለውም ተሞክሯል። በ2021 የወጣው የፈረንሣይ ጥናት መረቡን ከመምጠጫው ጋር በማጣመር፣ መረቡን ብቻውን ከመጠቀም ጋር አወዳደረ። ቧንቧው ፈጽሞ ወይም ፈጽሞ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ የተከፈተላቸው ከመቶ 64.5 እና ከመቶ 57.9 ሆኑ። ጥምሩ ጥቂት ከፍ ቢልም በጥናቱ ሚዛን ብልጫው የሚያስተማምን አልሆነም።

ባጭሩ፣ የሠለጠነ እጅ እስካለ ድረስ ማጥመድም ሆነ መምጠጥ ይሠራል። ሐኪሙ የሚመርጠው የቧንቧውን ጠባይ፣ የረጋውን ደም ቦታና የራሱን ልምድ አይቶ ነው፤ አንዱ እምቢ ሲል ወደ ሌላው ይዞራል። ስለዚህ ከዘመዶቻችሁ አንዱ በውጭ አገር ሆኖ ይህ ሕክምና ቢታዘዝለት «በየትኛው መሣሪያ ነው?» ብላችሁ ልትጨነቁ አይገባም።

ታዲያ ልዩነቱ ከየት ይመጣል?

ልዩነቱ የሚመጣው ከሰዓት ነው። ከላይ የተጠቀሱት አምስት ጥናቶች በድጋሚ ሲመረመሩ፣ ከሆስፒታሉ በር አንሥቶ ቧንቧው እስኪከፈት በሚባክነው በየ4 ደቂቃው ከታከሙት 100 ሰዎች መካከል አንዱ የባሰ የአካል ጉዳት እንደሚደርስበት ታይቷል። በመረብና በመምጠጫ መካከል ጥናቶቹ ያጡት ልዩነት በሰዓቱ ላይ ወለል ብሎ ይገኛል።

ይህ የተቆጠረው ከሆስፒታሉ በር ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ሰዓት የሚባክነው ደግሞ በቤታችን ነው። አባት ከሥራ እስኪመለስ፣ ታላቅ ልጅ ተጠርቶ እስኪመካከር፣ «ምች ነው» ተብሎ ዳማ ከሴ እስኪጨመቅ፣ «ትንሽ ትተኛና ትነሣለች» እየተባለ ሰዓቱ ይሄዳል። ሕመሙ በራሷ በቤቱ እመቤት ላይ ሲደርስ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ብዙ እናቶች እጃቸው ሲዝል፣ አፋቸው ሲተሳሰር እንኳ ልጆቹን ላለማስደንገጥ «ድካም ነው፣ ያልፋል» ብለው ዝም ይላሉ። እህቶች ሆይ፣ እንዲህ ያለው ዝምታ ቤቱን የሚጠብቅ አይምሰላችሁ፤ ቤቱን እናት የሚያሳጣ ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ «ረፍዷል» ብሎ መቅረትም አይገባም። በ2018 የታተመ ጥናት ደኅና ሆነው ከታዩ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ያለፋቸውን፣ ነገር ግን ገና ሊተርፍ የሚችል የአንጎል ክፍል እንዳላቸው በምስል የታወቀላቸውን ሰዎች አከመ። ራሳቸውን የቻሉት በቱቦ ከታከሙት ከመቶ 49፣ ካልታከሙት ከመቶ 13 ሆኑ። ከእንቅልፋቸው ሲነቁ ታመው የሚገኙ ሰዎች ከዚህ ጥናት ብዙ ተጠቅመዋል። ቢሆንም ጥናቱ የመረጠው አንጎላቸው የታገሠላቸውን ሰዎች መሆኑን አንርሳ፤ የሁሉም ሰው አንጎል እንዲህ አይታገሥም።

ልብና የልጆች ጉሮሮ

በትልቁ የአንጎል ቧንቧ ላይ የሚወተፈው የረጋ ደም ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከልብ ነው። ልብ ምቱን ሲያዛባ ደም በውስጡ ይረጋና ቁራሹ ወደ አንጎል ይወረወራል። በአገራችን ለዚህ ምክንያት ከሚሆኑት አንዱ ወጣት ሴቶችን ጭምር የሚያጠቃው የሩማቲክ የልብ ሕመም ነው።

የዚህ ሕመም መነሻ በልጅነት የሚይዝና በባክቴሪያ የሚመጣ የጉሮሮ ሕመም ነው። በወቅቱ በፔኒሲሊን ካልታከመ፣ በአንዳንድ ልጆች ላይ ቫልቭ የሚባሉትን የልብ በሮች ቀስ በቀስ ያበላሻል። እንጥል ማስቆረጥ ባክቴሪያውን አያጠፋም፤ ለመድማትና ለቁስለት ግን ይዳርጋል። ስለዚህ ልጃችሁ ጉሮሮውን ሲያመውና ሲያተኩሰው ወደ ጤና ጣቢያ ብትወስዱት ከ20 ዓመት በኋላ የሚመጣውን ስትሮክ ጭምር ከወዲሁ ትከላከላላችሁ። የልብ ሕመምተኛ ሆና ዋርፋሪን የታዘዘላት እናትም መድኃኒቱን በራሷ ፈቃድ ማቋረጥ የለባትም። ሕመሙ ቢደርስባት እንኳ መርፌው ቢከለከል በቱቦ ማውጣቱ ሊደረግላት ይችላል።

የደም ግፊትን መለካትና የታዘዘውን ኪኒን በየቀኑ መውሰድ፣ የስኳር ሕመምን መቆጣጠር፣ ጨው መቀነስና ከሲጋራ መራቅም ከማንኛውም መሣሪያ የሚቀድሙ መከላከያዎች ናቸው።

በቤት ውስጥ ምን ይደረግ?

ምልክቶቹ ድንገተኞች ናቸው። ፈገግ በይ ስትባል አንድ ወገን ፊቷ ይወድቃል፤ ሁለት እጆቿን ስታነሣ አንዱ ይወርዳል፤ ንግግሯ ይኮላተፋል ወይም የሚነገራትን አትረዳም። ከነዚህ አንዱ እንኳ ከታየ የሚከተለውን አድርጉ።

ሰዓት ተመልከቱ። ሐኪሙ በመጀመሪያ የሚጠይቀው «ለመጨረሻ ጊዜ ደኅና ሆና የታየችው መቼ ነው?» ብሎ ነው። የሕክምናው ምርጫ በአብዛኛው በዚህ መልስ ላይ ይመሠረታል።

አምቡላንስ ጥሩ። በኢትዮጵያ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። በውጭ አገር ለምትኖሩ ወይም በዚያ ቤተሰብ ላላችሁ፣ በአሜሪካ 911፣ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች 112፣ በእስራኤል 101፣ በሳዑዲ ዓረቢያ 997፣ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች 998 ነው። በዓረብ አገር በሰው ቤት የምትሠሩ እህቶች ቁጥሩን በስልካችሁ መዝግባችሁ ያዙ።

የምትበላውም ሆነ የምትጠጣው ነገር አትስጧት፤ መዋጥ አቅቷት ወደ ሳንባዋ ሊገባ ይችላልና። አስፕሪንም አትስጧት፤ ሕመሙ የመደፈን ይሁን የመፍሰስ በሲቲ ስካን ሳይታይ አይታወቅም። ካስመለሳት በጎኗ አስተኟት። የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ይዛችሁ ሂዱ። ጸሎቱ በመንገድም ይደርሳል፤ ጉዞው ግን ለጸሎቱ ተብሎ አይዘገይ።

ምልክቱ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ቢጠፋም በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ። እንዲህ ያለው ጊዜያዊ ሕመም ለትልቁ ስትሮክ ማስጠንቀቂያ ነው።

በመጨረሻም አንድ እውነት መሸሸግ አይገባም። ይህ ሕክምና በዓለም ላይ ለሁሉም አልደረሰም። በ67 አገሮች ላይ ተደርጎ በ2023 የወጣ ጥናት፣ ሕክምናው ከሚያስፈልጋቸው ሰዎች መካከል የሚያገኙት በመካከለኛው አገር ከመቶ ሦስት እንኳ እንደማይሞሉ ገልጿል። ያም ሆኖ ቱቦው በሌለበት ሆስፒታልም ቢሆን ቶሎ መድረስ ዋጋ አለው። የስትሮኩ ዓይነት ይለያል፤ የደም ግፊቱ በአግባቡ ይያዛል፤ ምግብና ውሃ ወደ ሳንባ ገብቶ ከሚያመጣው የሳንባ ምች ይጠበቃል፤ ለሁለተኛ ጊዜ እንዳይደርስም መድኃኒት ይጀመራል።

ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ ይህን ገጽ ካነበባችሁ በኋላ ዛሬውኑ በቤታችሁ ካሉት ሁሉ ጋር፣ ከልጆቹና ከቤት ሠራተኛችሁም ጭምር፣ ሦስቱን ምልክቶችና የአምቡላንሱን ቁጥር ተነጋገሩባቸው። መሣሪያውን መምረጥ የሐኪሙ ሥራ ነው። ሰዓቱን መጠበቅ ግን በዚያች ደቂቃ በቤት ውስጥ የተገኘው ሰው ሥራ ነው፤ ያም ሰው የ10 ዓመት ልጃችሁ ሊሆን ይችላል።